ማስክ ያደረገ ሁሉ ብልጽግና አይደለም

ባለፈው ሰሞን ደሴ ላይ ለአጣዬ ወገኖቻችን ሰልፍ ስንወጣ ማስክ አድርጌ ነበር። አብሮ አደጌ ከሩቅ አይቶኝ እየሳቀ መጣና ፊቴን በጣቱ ጠቁሞ «አንተም ብልጽግና ገባህ እንዴ?» አለኝ። በዙሪያችን የነበሩት ልጆች ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ከአንድ ወር በፊት ይችኑ ቀልድ በሌላ ሰው ላይ የቀለድኳት እኔ ነኛ።

ይሄን የምጽፈው ለዚያ ጓደኛዬ ነው። ላንተም ነው ወንድሜ፣ ላንቺም ነው እህቴ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉኝ፣ ኮሜንቱን አልዘጋም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። የተናደድነው በከንቱ አይደለም። እስቲ አብረን እናስታውስ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ፣ ተገኘ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። ያን ጊዜ ማን አጉረመረመ? በየበሩ ጀሪካን ሰቅለን እጃችንን ታጠብን። ክርስቲያኑ ፋሲካን ቅዳሴ ሳይገባ ቤቱ ፈታ። ሙስሊሙ ወንድማችን የረመዳንን ተራዊሕ ከልጆቹ ጋር ሳሎን ውስጥ ሰገደ። ባሕር ዳርና ሌሎች የክልላችን ከተሞች ለ14 ቀን ሲዘጉ ሕዝቡ እህህ ብሎ ቻለው። ይሄ ሕዝብ ሲነግሩት የማይሰማ ሕዝብ አልነበረም። ይቺን ያዙልኝ።

መጋቢት 22 ምርጫ ቦርድ ነሐሴ 23 ሊደረግ የታሰበውን ምርጫ በኮሮና ምክንያት ማካሄድ አልችልም አለ። በዚያ ቀን በመላው ሀገሪቱ የተገኙት ታማሚዎች 30 አይሞሉም ነበር። ጥንቃቄ ነው ብለን ተቀበልን። ሰኔ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመንግሥትን ዕድሜ አራዘመ። እሱንም ዋጥነው። በ2013ስ? በ2013 መጋቢት ላይ በአንድ ቀን ከ2 ሺህ በላይ ሰው ቫይረሱ ሲገኝበት የምርጫ ቅስቀሳው ደርቶ፣ ካድሬው ሕዝብ ሰብስቦ ያስጨበጭብ ነበር። ታማሚው 30 ሳይሞላ ያስፈራ በሽታ፣ በቀን 2 ሺህ ሲይዝ አላስፈራም። እንዴት ነው ይሄ ነገር? ብሎ የጠየቀ ወጣት ሞኝ አይደለም።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል፣ መጨባበጥ ክልክል። የጣሰ እስከ 3 ዓመት እስር፣ ወይም ከ1 ሺህ እስከ 200 ሺህ ብር ቅጣት። አዋጁ ጥሩ ነገርም ነበረው፣ አልክድም። አከራይ ተከራዩን አያስወጣ፣ ኪራይ አይጨምር፣ አሠሪ ሠራተኛውን አያባርር ይል ነበር። ግን በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የቀን ሠራተኛው የላስቲክና የቆርቆሮ ቤት በመንግሥት እጅ ይፈርስ ነበር። አምነስቲ ቢያንስ 1 ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆኗል ብሎ አውጥቶታል። «ቤታችሁ ተቀመጡ» የሚል መንግሥት ቤት ሲያፈርስ አየን።

ታክሲው ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ ያስከፍል ተባለ። ፖሊስ ባለበት ግማሽ ይጭናል፣ ፖሊሱን ሲያልፍ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። ሒሳቡ ግን በሁለቱም እጥፍ ነው። ቀን ሠርቶ ማታ የሚበላ ሰው ከዚህ ምን ይማራል? ማስክ ግንቦት ላይ በፖሊስ ተጀመረ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቀን ብቻ ከ1 ሺህ በላይ ሰው ማስክ አላደረክም ተብሎ ተይዟል። የኛ ሰፈር ልጅ አለ፣ ሊስትሮ ነው። ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ጫማ ሲጠርግ ደረሱበት። ሌሊቱን ያደረው አንዲት ክፍል ውስጥ ከሠላሳ ሰው ጋር ተጣብቆ ነው። እዚያ ውስጥ ማስክህ የት አለ ያለው የለም። ጠዋት ሲፈታ «ኮሮና ካለ እኮ እነሱ ራሳቸው አስይዘውኛል» አለን እየሳቀ። ሳቅን። ያን ቀን በሰፈራችን ማስክ አበቃለት፣ እውነቴን ነው።

ሰኔ 22 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በማግስቱ ኢንተርኔት ድርግም አለ፤ ለሳምንታት። የጤና ሚኒስትሯ የየዕለቱን የታማሚ ቁጥር የሚያሳውቁን በትዊተርና በፌስቡክ ነበር። በወረርሽኝ መሀል ሀገር ሙሉ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ።

አዋጁ ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ በ2013 መጀመሪያ መመሪያ ቁጥር 30 መጣ። በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ አይቀመጥ፣ በሰውና በሰው መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይሁን፣ የጣሰ እስከ 2 ዓመት ይታሰር። ሁለት የአዋቂ እርምጃ! ጥቅምት 24 ጦርነቱ ሲጀመርና አደባባዩ በድጋፍ ሰልፍ ሲሞላ እርምጃውን የለካ ፖሊስ አላየሁም። ሰፈር ውስጥ አምስት ሆነን ቡና ስንጠጣ ግን ይለካል። እና ወጣቱ አንድ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ደጋፊን የማይዝ፣ ተቃዋሚን ብቻ የሚይዝ በሽታ የለም። ስለዚህ በሽታው የለም።

እኔም እዚሁ ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ። «ኮሮና ፖለቲካ ነው» ብዬ። ስንቶቻችሁ ላይክ እንዳደረጋችሁት አስታውሳለሁ። ዛሬ ያን ጽሑፍ ከማጥፋት ከስሩ ይቺን ባስቀምጥ ይሻላል ብዬ ነው።

የመጋቢት መግቢያ ላይ ነው። ከስብሰባ መጥቻለሁ፤ ስለ መተከል ተፈናቃዮች የተሰበሰበውን ልብስና ብር ስንቆጥር ነው ያመሸነው፤ አንዲት መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ሃያ ምናምን ሰው። ከሦስት ቀን በኋላ ወገቤን ያዘኝ፣ አተኮሰኝ። ብርድ ነው አልኩ። በማግስቱ ጠዋት እማዬ ቡና ትቆላለች። ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለዋል፣ ሽታው ግን የለም። እንደ ልጅ እየደነገጥኩ ሄጄ ሙቀጫው ላይ ተደፋሁ። የለም። በርበሬ አሸተትኩ፣ ነጭ ሽንኩርት ላጥኩ፣ የላምባ ጀሪካን ከፍቼ አፍንጫዬን ከተትኩ። ምንም የለም። ውሃ ነው።

እማዬ ፌጦ በሎሚ አጠጣችኝ፣ ዳማከሴ አሸች፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል አጠነችኝ። አጥንቴን ሰው በመዶሻ የሚመታው ይመስለኝ ነበር። ደረጃ ስወጣ ሦስተኛው ላይ እቀመጣለሁ። ታዲያ ሳምንት ተኝቼ ተነሳሁ። ወጣት ነኝ። ሄደህ ተመርመር ሲሉኝ እምቢ አልኩ። ለምን መሰላችሁ? ፖዘቲቭ ብባል ምን ብዬ እለጥፋለሁ? የለም ያልኩት በሽታ ያዘኝ ልል? ጉንፋን ነው ብዬ ዘጋሁት። ነገሩን ስጽፈው አሁን እንኳን ያፍረኛል።

ተኝቼ ሳለሁ ሰው እየመጣ ጠየቀኝ፤ ወጋችን ነው፣ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። አጎቴም መጡ፤ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ መምህር የነበሩ፣ እኔንም ሳይንስ ያስተማሩኝ፣ ስኳር ያለባቸው። ብርቱካን ይዘው፣ ማስካቸውን በሥርዓት አድርገው። ትራሴ አጠገብ ወንበር ስበው ሲቀመጡ እኔ ትኩሳቱ ቀሎልኝ ነበር፣ ቀልድ አማረኝ። «ጋሼ፣ እርስዎም ብልጽግና ገቡ እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁ። ፖለቲካ አይወዱም፣ ግን በኔ ቀልድ ሁሌ ይስቃሉ። ማስኩን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት። ብርቱካን ላጡልኝ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተጫወትን።

በዘጠነኛው ቀን ትንፋሽ አጠራቸው።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የአንድ ሆስፒታል አይደለም፣ እዚያ ያሉት ነርሶችም ከኛ ባልተናነሰ ተበድለዋል። ጣታቸው ላይ ትንሿን መለኪያ አደረጉላቸው። 84 አለች። ዶክተሩ ከ90 በላይ መሆን ነበረበት አለን። ኦክስጅን ሲሰጧቸው 91 ገባች፣ ቀልድ ጀመሩ፤ «ይሄ ሁሉ ዓመት ኦክስጅን ሳስተምር አንድ ቀን ክፍያ እጠይቃለሁ ብዬ አላሰብኩም» አሉ። በሁለተኛው ሌሊት ሲሊንደሩ አለቀ። ሙሉ የቀረው አንድ ነበር፣ የሚፈልጉት ደግሞ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ነርሷ የዕድሜ እኩያዬ ናት። እየዞረች ከአንዱ ወደ አንዱ ታቀያይራለች፣ ለዚህ አሥር ደቂቃ፣ ለዚያ አሥር ደቂቃ። «መኪናው መንገድ ላይ ነው፣ በርቱ» ትለናለች። እኔ እያወጣሁ ስልክ እደውላለሁ፣ የማውቀውን ሁሉ። የሰልፍ አስተባባሪ፣ የሚዲያ ሰው፣ ዳያስፖራ። በአንድ ሌሊት ሺህ ሰው አደባባይ ማውጣት የምንችል ሰዎች አንድ ሲሊንደር ማግኘት አቃተን። መለኪያዋ 78 አለች፣ 71 አለች፣ ከዚያ ቁጥሯን ማየት ተውኩ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አረፉ። መኪናው የደረሰው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ግቢ ውስጥ ቆሜ ሲሊንደሮቹ ሲወርዱ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ስምንት ነበሩ።

ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ነው የቆመው። ለቅሶው ግን አልቀረም፣ እድሩ ድንኳን ጣለ፣ ሰዉ መጣ፣ እናቴን አቅፎ ያለቅሳል። እኔ ድንኳኑ በር ላይ ቆሜ «እባካችሁ አትቀፏት፣ እባካችሁ ማስክ» እላለሁ። አንድ ሽማግሌ ገላምጠውኝ «አንተ አይደለህ እንዴ የለም ያልከው?» አሉኝ። ልጃቸው ጽሑፌን አንብቦላቸው ኖሯል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ይሄን የነገርኩህ እንድታዝንልኝ አይደለም። የተሳሳትኩበትን ቦታ ላሳይህ ነው። መንግሥት ዋሸ፣ መመሪያውን ለፖለቲካ ተጠቀመበት፣ ደሀውን አሠረበት፤ ይሄ ሁሉ እውነት ነው። እኔ ከዚህ ተነስቼ «ስለዚህ በሽታው የለም» አልኩ። ይሄኛው ግን ከየት መጣ? መንግሥት ስለ ዝናብ ቢዋሽ ዝናቡ ይቀራል? ፖሊሱን ያናደድኩ መስሎኝ ማስኬን ሳወልቅ ፖሊሱ ምንም አልሆነም። የሞቱት ጋሼ ናቸው።

ደግሞ ሌላም ነገር አለ፣ ከዚህ የሚያንገበግበኝ። ዓመት ሙሉ ንዴታችንን ያፈሰስነው በማስኩ ላይ ነው። ስለ ኦክስጅን አንድ ሰልፍ ወጥተን እናውቃለን? አንድ ፖስት? በማስክ ስንጨቃጨቅ መንግሥት ከዋናው ጥያቄ አመለጠን። መጋቢት 2012 ላይ የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ የኮሮና ምላሽ 82.6 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል። በቀጣዩ ወር፣ በሚያዝያ፣ አይኤምኤፍ 411 ሚሊዮን ዶላር የአስቸኳይ ጊዜ ድጋፍ ሰጥቷል። የአይኤምኤፉ ለሆስፒታል ብቻ የመጣ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ የውጭ ምንዛሬ ጉድለት መሸፈኛ ነው፤ ካድሬ መጥቶ እንዳያርመኝ ቀድሜ ልበል። በዚህ ላይ ከመምህሩና ከነጋዴው የተዋጣው፣ ሕዝቡ «ማዕድ ማጋራት» ሲባል ያወጣው ዱቄትና ዘይት አለ። አዲስ አበባ ላይ ሚሊኒየም አዳራሽ ሙሉ አልጋ ሲደረደር በቴሌቪዥን አይተናል፣ የካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ ተለይቷል። ደግ አደረጉ። ደሴ፣ ወልድያ፣ ደብረ ታቦር፣ ፍኖተ ሰላም ላለው ሰው ምን ተደረደረ? በዓመት ውስጥ ስንት የኦክስጅን መሙያ ተተከለ? ሲሊንደር ለመሙላት መኪና ሌሊቱን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ይሄን የሚጠይቅ ወጣት ነው መንግሥትን የሚያስጨንቀው። ማስክ ያወለቀ ወጣት ማንንም አያስጨንቅም፣ እንዲያውም ለሰበብ ይመቻል፤ «ሕዝቡ አልጠነቀቅ ብሎ ነው» ብለው ይገላገሉናል።

ስለ ክትባቱም ልበል፣ የውስጥ መስመሩ በሱ ጥያቄ ተሞልቷልና። የካቲት 28 ቀን 2013 ላይ 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ አስትራዜኒካ ገባ፣ መጋቢት 4 መስጠት ተጀመረ። የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘበት ዕለት ልክ በዓመቱ መሆኑ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ስለሚሰጥ ያኔ የሚዳረሰው አንድ ሚሊዮን ምናምን ሰው ብቻ ነበር፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ። ቅድሚያው ለጤና ባለሙያው፣ ከዚያ ለሽማግሌውና ተጓዳኝ በሽታ ላለበት ነበር። «መካን ያደርጋል»፣ «ሕዝባችንን ሊቀንሱበት ነው» የሚለውን ወሬ የሚያሰራጩት ደግሞ የኛው ገጾች ናቸው። ሕዝባችንን የሚቀንሰውን እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ መርፌ አልያዘም። አባትህ ስኳር ወይም ደም ብዛት ካለበት፣ እናትህ ስልሳዋን ካለፈች፣ ስለ ክትባቱ ጤና ጣቢያ ሄደህ ጠይቅ። እጃቸውን ይዘህ ውሰዳቸው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፣ ወደ ንቅናቄው። እኛ ስለ ሕዝባችን ሕልውና የምንጮህ ነን። ከአጣዬ ቤቱ ተቃጥሎ የወጣው ወገናችን፣ ከመተከል ሸሽቶ ቻግኒ ራንች መጠለያ የገባው ወገናችን፣ በአንድ ድንኳን ስንት ሆኖ ያድር እንደነበር ሄዳችሁ ያያችሁ ታውቃላችሁ። እዚያ ሁለት የአዋቂ እርምጃ የሚባል ነገር ቀልድ ነበር። ብርድ ልብስና ዱቄት ይዘን የምንገባው እኛ ነን። ከየከተማው ተሰብስበን፣ በአንድ ሚኒባስ ተጠጋግተን ዘምረን፣ ፎቶ ስንነሳ ተቃቅፈን። ሳል ያለበት አንድ ልጅ ከመሀላችን ካለ ዱቄቱን ብቻ ይዘን አልገባንም። ከጥይት የተረፈን ሽማግሌ እኛው በእርዳታ ስም እንድንገድለው ነው? እኔ በዚያች መስኮት በሌላት ክፍል ውስጥ ልብስ ስቆጥር ታምሜ፣ ያን ልብስ የተሸከሙት ልጆች ቻግኒ ደርሰው መጥተዋል። ከዚያ በኋላ እዚያ ማን እንደታመመ የነገረኝ የለም፣ የጠየቅኩትም የለም።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ የዚህ ገጽ አስተባባሪዎች ለእርዳታ ስንሄድ ማስክ ያላደረገ ሚኒባስ ላይ አይወጣም። ያሳለው፣ ያተኮሰው፣ ሽታ የጠፋበት ቤቱ ይቀራል፣ አይሸማቀቅም። ስብሰባ በግቢ ወይም በሜዳ ይሁን፣ በዝግ ክፍል አንሰበሰብም። ሰልፍም አንተውም፤ መንግሥት ነገ ተነስቶ «ሰልፍ በኮሮና ምክንያት ክልክል ነው» ቢል፣ ማስኩን አድርገን፣ ተራርቀን ቆመን እንወጣለን፣ ሰበቡን እንነጥቀዋለን። በፋሲካ ወደ ገጠር አያቶቻችን ጋ የምንሄድም አለን፣ በኢድም እንዲሁ። ጉልበት ስመን ምርቃት መቀበሉ ዘንድሮ ቢቀር ምርቃቱ ከሩቅም ይደርሳል፤ አያቴን ጠይቄያቸው ነው፣ ይደርሳል ብለዋል።

ፖሊሱ በቆመጥ ስላስገደደህ የጠላኸውን ማስክ፣ ለእናትህ ብለህ ብታደርገው ለፖሊሱ መገዛት አይሆንም። ፖሊስ በሌለበት አድርገው እስቲ። ያኔ ያንተ ነው።

አንድ ሥራ ልስጣችሁና ልጨርስ። የከተማችሁ ሆስፒታል ስንት የኦክስጅን ሲሊንደር አለው? የሚሞላው የት ነው? ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ባለፈው ወር ያለቀበት ሌሊት ነበር? የሚሠሩ ነርሶችን፣ ዘመድ ያስታመሙ ሰዎችን ጠይቁ፤ የሠራተኛውን ስም አትጻፉ፣ እንጀራው ነው። የከተማውን ስምና ቁጥሩን በውስጥ መስመር ላኩልን። ከተማ በከተማ እየሰበሰብን እንለጥፋለን፣ ለክልሉ ጤና ቢሮም በደብዳቤ እናስገባለን። የደሴውን እኔ ጀምሬዋለሁ፤ ነርሷ የሰጠችኝ ወረቀት እጄ ላይ ነው።